ፋርማሲ ወይስ ራጅ ክፍል? ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁለቱን ሙያዎች በየት በኩል ይነካቸዋል?

አዲስ ገጽ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ ግዛት፣ በአንድ ትልቅ የፋርማሲ ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ በፋርማሲ ቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። ሥራውን ስጀምር ቀኑ የሚያልፈው ኪኒን በመቁጠር፣ ብልቃጥ ላይ ሌብል በመለጠፍና ስልክ በማንሳት ነበር። አሁን ግን እንደ ስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያሉ በየወሩ የሚደጋገሙ ማዘዣዎች በእኛ እጅ አይሞሉም፤ ሮቦት ቆጥሮና አሽጎ ከሚልክበት ሌላ ከተማ ካለ ማዕከል በሣጥን ተጭነው ይመጣሉ። የእኛ ድርሻ ሣጥኑን ከፍቶ በመደርደሪያው ላይ በፊደል ተራ ማስቀመጥ ሆኗል። የሥራ ሰዓታችንም በዚያው ልክ ተቀንሷል።

ስለዚህ ወደ ትምህርት ለመመለስ ወስኛለሁ። ከፊቴ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የቅድመ ዝግጅት ኮርሶቼን ጨርሼ አራት ዓመት የሚፈጀውን የፋርማሲ ዶክትሬት መማር፣ ሁለተኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ በሁለት ዓመት ራጅ አንሺ፣ ማለትም ራዲዮሎጂክ ቴክኖሎጂስት መሆን ነው። ወንድሜ ሁለተኛውን ሲሰማ «ራጁን ኤአይ በሚያነብበት ዘመን እዚያ ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ለመሆኑ አውቶሜሽኑ፣ ማለትም የሰውን ሥራ ለማሽን መስጠቱ፣ ይበልጥ የሚጫነው የትኛውን ሙያ ነው? በሥራው ላይ ያላችሁ ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ራጅ አንሺው

እህቴ፣ በሚኒሶታ በአንድ ሆስፒታል የሲቲና የኤምአርአይ ቴክኖሎጂስት ነኝ፤ ሲቲ በራጅ ጨረር፣ ኤምአርአይ ደግሞ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሱ ማሽኖች ናቸው። በቅድሚያ ወንድምዎ የቀላቀሏቸውን ሁለት ባለሙያዎች እንለያቸው። ምስሉን የሚያነሳው እንደ እኔ ያለው ነው፤ አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ደግሞ ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም ሐኪሙ ነው። ስለ ኤአይ የሚወራው ወሬ አብዛኛው በአንባቢው ላይ እንጂ በአንሺው ላይ አይደለም።

በአንባቢውም ላይ ቢሆን ወሬውና የሆነው ነገር አልተገናኙም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጄፍሪ ሂንተን፣ በ2016 ራዲዮሎጂስቶችን ማሠልጠን ከአሁኑ ሊቆም እንደሚገባና ማሽኑ በአምስት፣ ቢዘገይ በአሥር ዓመት እንደሚበልጣቸው ተናግረው ነበር። እዚሁ ሚኒሶታ ያለው ማዮ ክሊኒክ ኤአይን በስፋት ከሚጠቀሙት ተቋማት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ንግግር እስከ 2025 ባለው ጊዜ የራዲዮሎጂስቶቹ ቁጥር ከግማሽ በላይ ጨምሮ ከ400 አልፏል። የሚነሳው ምስል ብዛት ከማሽኑ ፍጥነት ቀድሞ እየሄደ ነው።

ወደ እኛ ሥራ ስመለስ፣ ኤአይ አልገባም ብዬ አልዋሽም። በሲቲ ክፍላችን ጣሪያ ላይ የተገጠመ ካሜራ የታካሚውን ቁመናና ውፍረት ለክቶ አልጋውን በራሱ ያስተካክላል። በኤምአርአይ በኩል ምስልን በዲፕ ለርኒንግ (ከብዙ ምሳሌ በሚማር የኤአይ ዘዴ) የሚያጠሩት ሶፍትዌሮች የምርመራውን ጊዜ በእጅጉ አሳጥረውታል። በዚህ ምክንያት ግን ከመካከላችን የተቀነሰ ሰው የለም፤ በቀን የምናስተናግደው ታካሚ ነው የጨመረው፤ ድካማችንም እንደዚያው።

ካሜራው የማይሠራውን አንድ ነገር ልንገርዎ። አንዲት የአገራችን እናት ለወገብ ኤምአርአይ መጥተው ማተባቸውን አላወልቅም አሉ። ማተቡ ላይ ብረት መስቀል አለ፤ ብረት ይዞ ወደ ማግኔቱ መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም። ፈረቃው ላይ የነበረችው ባልደረባዬ ቀጠሮውን ልትሰርዝ ስትል ደረስኩ። ክሩን ሳልበጥስ መስቀሉን ብቻ ፈትቼ ለልጃቸው አስያዝኩና ማተቡ ከአንገታቸው ሳይወርድ ገቡ። ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ከሹሩባቸው ውስጥ ሁለት የፀጉር ብረት አወጣን፤ በመጠይቁ ላይ «ብረት የለኝም» የሚል ምልክት አድርገው ነበር።

ፋርማሲስት ዘአዲስ

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ፋርማሲን ኪኒን በመቁጠር ብቻ የመለካት ልማድ ስላለ፣ የሙያውን ሌላ ገጽ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ በአንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል የደረሰውን በሙያችን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ለአንድ የ16 ዓመት ታዳጊ አንድ ኪኒን ሊታዘዝለት ሲገባ፣ ሐኪሟ መጠኑን ስትሞላ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሚሊግራም በኪሎ አድርጎ ያዘውና በልጁ ክብደት ሲባዛ ማዘዣው ሠላሳ ስምንት ከግማሽ ኪኒን ሆነ። ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሏል፤ ነገር ግን በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ከንቱ ማስጠንቀቂያ የሚያይ ሰው እንደሚያደርገው ሐኪሟም ፋርማሲስቱም አለፉት። ከዚያ ማዘዣው ወደ ሮቦቱ ሄደ። ሮቦቱ አንድም ስሕተት አልሠራም፤ ሠላሳ ስምንት ከግማሹን በትክክል ቆጥሮ አሸገ። ነርሷ ባርኮዱን ስታነብ ኮምፒውተሩ «ልክ ነው» አላት። ልጁ ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ደረሰበት፤ ደግነቱ ተረፈ። ከዚህ የምረዳው፣ በፋርማሲ ውስጥ ዋናው ሥራ ቁጥሩን ማግኘት ሳይሆን ቁጥሩ ከሰውየው ጋር እንደማይሄድ ማስተዋል መሆኑን ነው።

በእኛ አገር ያለውን ልጨምር። በዐቢይ ጾም ሰሞን ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት «ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር» ተብሎ ታዝዞላቸው የሚመጡ ደንበኞች አሉ። አብዛኞቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ለሐኪሙም አልነገሩትም። ሳልጠይቃቸው ብሸኛቸው የጠዋቱን ይተዉታል፣ ወይም በባዶ ሆዳቸው ወስደው ሲያማቸው ጭራሽ ያቆሙታል። በረመዳን ኢንሱሊን የሚወጉት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ይህ ጥያቄ በየትኛውም ማዘዣ ላይ አልተጻፈም።

እርግጥ ነው፣ ሮቦቱ እዚህ ቢመጣ የሚያነበው አያገኝም። ማዘዣው አሁንም በአብዛኛው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹም ባዶ ስትሪፕ ዘርግተው «ይቺን ስጠኝ» የሚሉ ናቸው። የታዘዘው መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ በምን ይተካ ብሎ ለሐኪሙ መደወልም የየዕለቱ ሥራችን ነው።

ደረቅ እውነት

ሁለታችሁም የጻፋችሁት እውነት ሆኖ ሳለ፣ የጠያቂዋን ጥያቄ አልመለሳችሁም። አንድን የሥራ መደብ የሚያጠፋው «ማሽኑ ይችላል ወይስ አይችልም» የሚለው አይደለም፤ «ለዚያ ሥራ ማን፣ በምን ስሌት ይከፍላል» የሚለው ነው። እኔ በሕክምና ክፍያ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ነገሩን በዚያ ዓይን ነው የማየው።

በአሜሪካ ተመላላሽ ታካሚ አንድ ኤምአርአይ በተነሳ ቁጥር ሆስፒታሉ ሂሳብ ይልካል። ስለዚህ ማሽኑ ምርመራውን ከአርባ ደቂቃ ወደ ሃያ ቢያወርደው፣ ሆስፒታሉ በተረፈው ሃያ ደቂቃ ሌላ ታካሚ ያስገባል እንጂ ቴክኖሎጂስቱን አያሰናብትም። በሰፈር ፋርማሲ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክፍያው የሚመጣው ከመድኃኒቱ ነው፤ ፋርማሲስቱ ስለ ጾም ለጠየቀበት አምስት ደቂቃ በአብዛኛው ማንም አይከፍልም። በዚያ ላይ የክፍያውን መጠን የሚወስኑት በመድን ድርጅቶችና በፋርማሲዎች መካከል ያሉት፣ የመድኃኒት ጥቅም አስተዳዳሪ ተብለው የሚጠሩት ድርጅቶች ናቸው፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት ሦስቱ ትልልቆቹ ብቻ የአገሪቱን ማዘዣ 80 በመቶ ገደማ ያስተናግዳሉ። እነርሱ ክፍያውን በጨመቁት ቁጥር ፋርማሲው የሚቀንሰው ያው የሰው ሰዓት ይሆናል።

ውጤቱም ይታያል። ራይት ኤይድ የተባለው ትልቅ የፋርማሲ ድርጅት ሁለት ጊዜ ኪሳራ አውጆ በ2025 የመጨረሻዎቹን መደብሮቹን ዘግቷል። ሲቪኤስ በሦስት ዓመት ውስጥ 900 ያህል መደብሮችን ለመዝጋት በ2021 አስታወቀ፤ ዋልግሪንስ ደግሞ በ2024 በሦስት ዓመት 1,200 እንደሚዘጋ ተናገረ። ይኸው ዋልግሪንስ ከአሥር የሚበልጡ የሮቦት ማዕከላት አቋቁሞ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቅርንጫፎቹ ማዘዣ ያስሞላል። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ጋዜጦች «ራዲዮሎጂስት ሊጠፋ ነው» እያሉ በሚጽፉበት ዘመን ነው። የጮኹለት ሙያ ሰው አጣሁ እያለ ሲቀጥር፣ ማንም ያልጮኸለት በሩን ዘጋ። ሮቦቱም ቢሆን ኪኒን የሚቆጥር የቆየ ማሽን ነው፤ ኤአይ ለማለት እንኳ ይከብዳል።

ራጅ አንሺው ግን አንድ ነገር ያስቀሩ ይመስለኛል። የሕክምና ማሽን አምራቾቹ ሲመንስና ፊሊፕስ አንድ ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ በርካታ የኤምአርአይ ማሽኖችን የሚያንቀሳቅስበት ሥርዓት እየሸጡ አይደለም ወይ?

ራጅ አንሺው

ልክ ነዎት፤ በሙያችን ውስጥ ከምንም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው እሱ ነው። ልምድ ያለው ቴክኖሎጂስት በአንድ ማዕከል ተቀምጦ በተለያዩ ከተሞች ያሉ ማሽኖችን በስክሪን ይከታተላል፤ አስቸጋሪ የልብ ወይም የፕሮስቴት ምርመራ ሲመጣ የአነሳሱን ስልት ራሱ ይመርጣል። በማሽኑ አጠገብ ያለው ሰው ታካሚውን አስተኝቶ፣ መርፌውን ተክሎ፣ የደኅንነት ጥያቄዎቹን ይጠይቃል። እስካሁን ይህ የሚሠራበት ዋናው ምክንያት የሰው እጥረት ነው። እጥረቱ ሲያልፍ ግን አንድ አሠሪ «አጠገብ ላለው ሰው ለምን የኤምአርአይ ባለሙያ ደሞዝ እከፍላለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ሥጋት ከኤምአርአይና ከሲቲ ውጭ ባለው መደበኛ ራጅ ላይ እምብዛም አይደርስም፤ ምክንያቱም በድንገተኛ ክፍል ትከሻው የወለቀ ሰው ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው ከየት አቅጣጫ እንደሚነሳ የሚወስነው እዚያው የቆመው ሰው ነው። የሚገርመው፣ ደሞዙ ዝቅ ያለው ሥራ ከማሽን ይበልጥ የራቀው መሆኑ ነው።

የራዲዮሎጂ ሬዚደንት

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፤ ራዲዮሎጂስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ስለ አንባቢው በኩል ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም «ቁጥራችን ጨምሯል» በሚለው ብቻ የምንጽናና ከሆነ ራሳችንን እናታልላለን።

በስዊድን ማሳይ በተባለው ጥናት ከ80,000 በላይ ሴቶች ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ተነስተው፣ የግማሾቹ በተለመደው መንገድ በሁለት ራዲዮሎጂስቶች ተነበበ፤ የቀሩት ደግሞ ኤአይ ሥጋቱን ከለየ በኋላ አብዛኛው በአንድ ሐኪም ብቻ እንዲነበብ ተደረገ። በ2023 በታተመው ውጤት የንባቡ ሥራ በ44 በመቶ ሲቀንስ የተገኘው የካንሰር ቁጥር አልቀነሰም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አሜሪካ ላላችሁት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ እዚያ ማሞግራም ቀድሞውኑ የሚነበበው በአንድ ሐኪም ስለሆነ፣ ሁለተኛውን አንባቢ በመተካት የተገኘው ቁጠባ እንዳለ ወደዚያ አይዘዋወርም። በአውሮፓ ደግሞ በ2022 ፈቃድ ያገኘ አንድ ሶፍትዌር ፍጹም ጤናማ ነው ያለውን የደረት ራጅ ያለ ሐኪም ራሱ ሪፖርት እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። እንግዲህ የሙያው ቀላሉ ጫፍ መሸራረፍ ጀምሯል።

በእኛ አገር ያለው ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች ርቀው ባሉ ሆስፒታሎች ራጁን የሚያነሳ ራዲዮግራፈር አለ፤ የሚያነብለት ራዲዮሎጂስት ግን ላይኖር ይችላል። ፊልሙን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሚያውቀው ሐኪም የሚልክ ባለሙያ ብዙ ነው፤ ለእኔም በተረኛነት ሌሊት ይደርሰኛል፤ ፎቶው ላይ የመስኮቱ ብርሃን አርፎበት ግማሹ ሳንባ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ ሲደረግላቸው በሰው አንባቢ ምትክ ሶፍትዌር መጠቀም እንደሚቻል መክሯል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሶፍትዌሩ የማንንም ወንበር አይቀማም፤ ባዶ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሶፍትዌሩ «ቲቢ የለም» ሲል፣ ራዲዮግራፈሩ ደግሞ የልብ መስፋት እያየ ዝም ቢል ተጠያቂው ማን ነው? ራዲዮግራፈሩ ምስል እንዲያነሳ እንጂ እንዲተረጉም አልተፈቀደለትም። ሥራው በተግባር እየሰፋ፣ ሥልጣኑና ደሞዙ ግን ባለበት ቆሟል።

የሌሊት ተረኛ

በቨርጂኒያ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ። ደረቅ እውነት ስለ ሰፈር ፋርማሲ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ግን ፋርማሲ ሁሉ የሰፈር ፋርማሲ አይደለም።

ለምሳሌ ቫንኮማይሲን የተባለውን ጸረ ባክቴሪያ እንውሰድ። መጠኑ ካነሰ ኢንፌክሽኑ አይድንም፣ ከበዛ ኩላሊት ይጎዳል። በ2020 የወጣው መመሪያ ስሌቱ ቀድሞ ከለመድነው መንገድ እንዲቀየርና ቢቻል በሶፍትዌር እንዲሠራ ስለመከረ፣ በካልኩሌተር ስናሰላው የኖርነውን አሁን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ከእኔ ይልቅ በትክክል ይሠራዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በአንድ ሌሊት ከላቦራቶሪ የመጣው፣ በታካሚው ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ሶፍትዌሩም የሚሰጠው መድኃኒት በግማሽ እንዲቀነስ አዘዘ። የታካሚው ኩላሊት ግን ደኅና ነበር። ወደ ክፍሉ ደውዬ ነርሷን ስጠይቃት ደሙ የተቀዳው መድኃኒቱ እየገባበት ካለው መስመር መሆኑ ታወቀ። እንደገና ከሌላው ክንድ ተቀድቶ ሲመጣ ውጤቱ ልክ ሆነ። ሶፍትዌሩን አምኜ ቢሆን ኖሮ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ያለበትን ሰው መድኃኒቱን እቀንስበት ነበር።

እህቴ፣ የፋርማሲ ዶክትሬት ለመግባት ካሰቡ ወደዚህ ዓይነቱ ሥራ ለመድረስ ይግቡ። ለዚህም ብዙ ጊዜ ከአራቱ ዓመት በላይ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም በሥራ ላይ የሚደረግ ተጨማሪ ሥልጠና፣ ያስፈልጋል፤ ቦታውም ፉክክር አለበት። ተመልሰው አሁን ያሉበት ካውንተር ላይ በነጭ ጋውን ለመቆም ከሆነ ግን የብድሩን ብዛት አስቀድመው ያስሉ።

አዲስ ገጽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደረቅ እውነት የጻፉትን ሳነብ ሥራ ቦታዬ ያለው ነገር ተገለጠልኝ፤ ሮቦቱ ሲመጣ «ሥራ ይቀልላችኋል፣ ከደንበኛ ጋር ለመነጋገር ጊዜ ታገኛላችሁ» ተብለን ነበር፤ ጊዜው ተገኘና ከፈረቃችን ላይ ተቆረጠ።

ወገቤን አስሬ ያሰላሁትን ላካፍላችሁ። በሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የግንቦት 2024 መረጃ መሠረት የፋርማሲ ቴክኒሺያን መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 43,000 ዶላር፣ የራጅ ቴክኖሎጂስት 78,000፣ የኤምአርአይ 88,000፣ የፋርማሲስት ደግሞ 137,000 ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ፋርማሲስትነት ይበልጣል። ነገር ግን ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አራት ዓመት ተምሬ፣ ሬዚደንሲ ተወዳድሬ፣ ሳይሳካልኝ ብቀር የሚጠብቀኝ ይኸው ካውንተር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ለራጅ ትምህርት አመለክታለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በፋርማሲው እቀጥላለሁ። ራጅ አንሺው፣ ኮሌጅ ስመርጥ ምን ልጠይቅ?

ራጅ አንሺው

መልካም ውሳኔ ነው። በአካባቢዎ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ወንዙን ወደ ቨርጂኒያ ከተሻገሩ ደግሞ ኖቫ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሮግራሙ አላቸው። በቅድሚያ ፕሮግራሙ ጄአርሰርት በሚባለው አካል እውቅና ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ቀጥሎም ካለፉት ዙሮች ተማሪዎች ስንቱ ኤአርአርቲ የተባለው አካል የሚሰጠውን የሙያ ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ እንዳለፉና ስንቱ እንዳቋረጡ ይጠይቁ፤ እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች ይህን ቁጥር በድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት ስላለባቸው ሊሸሽጉት አይችሉም። የሰውነት አወቃቀር ትምህርትና አልጀብራ ከመግባትዎ በፊት ይጠናቀቁ፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ውጤቱ የሚታየው በእነርሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የክሊኒክ ልምምዱን ሰዓት አጣርተው ይወቁ። በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድ ደሞዝ የለውም፤ ብዙ ጊዜም በሳምንቱ የሥራ ቀናት ከማለዳ ጀምሮ ስለሚውል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስልዎ ሰው ከአሁኑ ያዘጋጁ። ልምምድ በሚመደቡበት ሆስፒታል ሲቲና ኤምአርአይ ክፍል ገብተው ማየት የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ዓመት ሳይጠብቁ ይጠይቁ፤ ከርቀት የሚንቀሳቀስ ማሽን እዚያ ካለም በዓይንዎ ያዩታል።

አዲስ ገጽ

የልጆቹን ነገር እናቴ ትይዘዋለች። የልምምዱን የጊዜ ሰሌዳ ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ።